ከቱቦው በፊት ጉድጓዱ፦ ለብርቱካን ማሳዬ ያሠራሁት የጠብታ መስኖ ዲዛይን

ይህን የምጽፈው 3 ሄክታር ለሚሆነው የብርቱካንና የመንደሪን ማሳዬ የጠብታ መስኖ ዲዛይን ስላሠራሁበት አገልግሎት ነው። ቱቦውንና ፊልተሩን የገዛሁት ከሌላ ቦታ ነው፤ ከእነሱ ያገኘሁት ልኬት፣ ስሌት፣ ንድፍና የተከላ ክትትል ነው። ሥራው ካለቀ ሁለት የምርት ወቅት አልፎታል። ስለዚህ የምነግራችሁ አዲስ ዕቃ የገባለት ሰው የመጀመሪያ ሳምንት ደስታ አይደለም፤ ሙቀቱም፣ ደለሉም፣ አልጌውም ከተፈራረቁበት በኋላ ያየሁትን ነው።

ቀድሞ የነበረኝም ጠብታ መስኖ ነበር። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ብዙ ሰው ጎማውን ከዘረጋ ውሃ የቆጠበ ስለሚመስለው ነው። እኔም እንደዚያ እያሰብኩ ስድስት ዓመት ቆየሁ። የዘረጋልኝ ሰው ዕቃ ሻጭ ነበር። ዛፎቹን ቆጠረ፣ የረድፉን ርዝመት በእርምጃ ለካ፣ ለእያንዳንዱ ዛፍ በሰዓት 8 ሊትር የሚያንጠባጥቡ ሁለት ኢሚተሮች ግንዱ ሥር ሰክቶ ሄደ። አፈሩን አልነካም። ማሳው ከላይኛው ጫፍ እስከ ታችኛው 8 ሜትር ያህል እንደሚወርድም ልብ አላለም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብርቱካን ያለው ሰው ያውቀዋል። ታች ያሉት ዛፎች ቅጠላቸው ገረጣ፤ ግንዳቸው ከአፈሩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ቅርፊቱ እየተሰነጠቀ ቡናማ ሙጫ ያወጣ ጀመር። ላይ ያሉት ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ቅጠላቸው ይጠቀለላል፤ አበባ ሞልተው ያብባሉ፣ ፍሬው አተር ሲያህል ግን ግማሹ መሬት ላይ ይረግፋል። በሽታ ነው ብዬ ረጨሁ፤ የምግብ እጥረት ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርኩ። ለላዮቹ ስል የመስኖውን ሰዓት ሳረዝም የታችኞቹ ባሰባቸው፤ ለታችኞቹ ስል ሳሳጥር ላዮቹ ፍሬ አረገፉ። በአንድ ቫልቭ ሁለቱን ማዳን አልተቻለኝም።

የዲዛይን አገልግሎቱ ባለሙያ ስትመጣ የያዘችው አካፋ፣ ሁለት ንጹሕ ጠርሙስ፣ የግፊት መለኪያና የከፍታ መለኪያ መሣሪያ ነበር። የዛፎቹን ቁጥርና የማሳውን ካርታ አዘጋጅቼ ስለጠበቅኳት፣ «ልጄ፣ ሁሉም እዚህ አለልሽ፤ ንድፉን መጀመር ትችያለሽ» አልኳት። «ጋሼ፣ ካርታውን ማታ አየዋለሁ። አሁን ጉድጓድ እናስቆፍር» አለችኝ።

ስድስት ሰዓት ሙሉ ውሃ የወረደበትን አንድ ዛፍ መርጣ ከግንዱ ጎን አስቆፈረች። የጉድጓዱ ግድግዳ ላይ የታየው እስካሁን ከዓይኔ አይጠፋም። ከኢሚተሮቹ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚወርድ ጥቁር የርጥበት ዓምድ ነበር፤ ወርዱ 80 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው፣ ወደ ታች ግን 1 ሜትር ከ20 ደርሶም አላበቃም። ከዓምዱ ውጭ ያለው አፈር በጣት ሲነካ ይፈርሳል። የብርቱካን ውሃ የሚጠጡት ቀጫጭን ስሮች አብዛኞቹ ከላይ ባለው 60 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ በአካፋዋ ጫፍ እየነካች አሳየችኝ። ደረቁ አፈር ውስጥ ያሉት ቡናማና ተሰባሪ ሆነዋል። ርጥቡ ውስጥ ያሉት ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ ግን ጥቂት ናቸው። በረድፎቹ መካከል 6 ሜትር፣ በዛፍና በዛፍ መካከል 4 ሜትር ስላለ የአንድ ዛፍ ድርሻ 24 ካሬ ሜትር ነው። ውሃዬ ከዚያ ውስጥ የሚያርሰው ግማሽ ካሬ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። የቀረው ውሃ ደግሞ ከስሩ አልፎ ወደ ታች ይሄዳል። አሸዋ በበዛበት አፈር ላይ ውሃ ወደ ጎን ከመስፋት ይልቅ ወደ ታች እንደሚቸኩል በቃል ሲነገረኝ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ ያመንኩት ግን ግድግዳው ላይ ሳየው ነው።

ቀጥሎ ጣሳ ነበር። ከላይኛው ጫፍ ጀምሮ እስከ ታችኛው 32 ኢሚተሮች ሥር ጣሳ አስቀምጣ፣ ለ6 ደቂቃ አጠራቅማ፣ አንድ በአንድ ለካቻቸው። ታች ካሉት የአብዛኞቹ 1 ሊትር ያህል ነበር፤ ላይ ካሉት 620 ሚሊ ሊትር። አንዱ ጭራሽ ተደፍኖ ጣሳው ሥር የተቀመጠው ጥቂት ጠብታ ብቻ ነው። የግፊት መለኪያዋ ከታች 1.6 ባር፣ ከላይ 0.6 ባር አነበበ። 10 ሜትር ከፍታ 1 ባር ያህል ግፊት ነው፤ የማሳዬ 8 ሜትር ተዳፋት ለብቻው 0.8 ባር ይወስዳል፣ የቀረውን የቱቦው ሰበቃ ይበላዋል። ግፊት የማያመጣጥን ኢሚተር ፍሰቱ ከግፊቱ ስኩዌር ሩት ጋር ስለሚሄድ፣ በ1 ባር 8 ሊትር የሚሰጠው ዕቃ በ0.6 ባር 6.2 ሊትር፣ በ1.6 ባር 10 ሊትር ይሰጣል። ወረቀት ላይ አስልታ ከጣሳው ጋር ስታስተያየው ቁጥሩ ገጠመ። ስድስት ዓመት በሽታ እያልኩ የረጨሁበት ነገር ይኸው ነበር።

ውሃው ለዛፎቹ ምን ያህል እኩል እንደሚዳረስ ለማወቅ ከ32ቱ ውስጥ ትንሽ ውሃ የያዙትን ሩብ፣ ማለትም 8 ጣሳዎች፣ አማካይ ወስዳ ለጠቅላላው አማካይ አካፈለችው፤ 68 በመቶ ወጣ። ለጠብታ መስኖ 90 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው ይባላል። እባካችሁ፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትወስዱ ይህን የጣሳ ልኬት ውሰዱ። ባለሙያ አያስፈልገውም፤ ጣሳ፣ ሰዓትና መለኪያ ብቻ ነው።

ንድፉ የመጣው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ዘግይቷል፤ ሁለት ሳምንት ነበር የተባልኩት። ሲመጣ ግን እያንዳንዱ ቁጥር ከየት እንደመጣ ተጽፎበት ነበር፤ ለእኔ የዚህ አገልግሎት ዋናው ዋጋ እዚያ ላይ ነው። በጣም በሚሞቀው ወር የሚተነው ውሃ በቀን 5 ሚሊ ሜትር ተብሎ ተያዘ። ይህ እንደ መነጻጸሪያ ለተወሰደ ሣር የሚሰላ መጠን ስለሆነ፣ ወደ ብርቱካን ለመቀየር ለሰብሉ በተሰጠው ቁጥር መባዛት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1998 በወጣው የፋኦ (የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት) መመሪያ መሠረት ጥላቸው መሬቱን ግማሽ ያህል ለሚሸፍን፣ ሥራቸው አረም ለሌለበት የብርቱካን ዛፎች ቁጥሩ ከ0.60 እስከ 0.65 ነው፤ እሷ ላይኛውን ወሰደች። ይህ ቁጥር ለብዙ ሌሎች ፍራፍሬዎች ከሚሰጠው ያነሰ መሆኑ አስገርሞኝ ጠየቅኳት። ብርቱካን ሙቀቱ ሲበረታ የቅጠሉን ቀዳዳዎች ስለሚዘጋ እንደ ሌሎቹ አይጠጣም አለችኝ። እንግዲህ 5 በ0.65 ሲባዛ 3.25 ሚሊ ሜትር፤ 1 ሚሊ ሜትር በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ስለሆነ፣ በ24 ካሬ ሜትር 78 ሊትር። የሲስተሙ ብቃት 90 በመቶ ሲታሰብ ለአንድ ዛፍ በቀን 87 ሊትር ገደማ። እኔ በአማካይ 96 ሊትር አፈስ ነበር፤ እጥረት የነበረው በመጠኑ ላይ አልነበረም።

ዛፉ ግራና ቀኝ ሁለት መስመር ጎማ ተዘረጋለት፤ ከግንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ። በየ50 ሳንቲ ሜትሩ በሰዓት 2 ሊትር የሚያወጣ፣ ግፊት የሚያመጣጥን ኢሚተር በጎማው ውስጥ ተሠርቶ የገባበት ዓይነት ነው። ለአንድ ዛፍ 16 ኢሚተር ይደርሳል፤ በሰዓት 32 ሊትር። ጠብታዎቹ ቅርብ ለቅርብ ስለሆኑ እርጥበታቸው ይገናኛል፣ ከረድፉ ጋር የሚሄድ ርጥብ ጭረት ይሠራል። ሁለቱ ጭረቶች አንድ ላይ የዛፉን መሬት አንድ ሦስተኛ ያህል ያርሳሉ። ከግንዱ መራቁ ደግሞ ለብርቱካን የሞት ሽረት ጉዳይ ነው። ሙጫውን የሚያመጣው ፋይቶፍቶራ የሚባለው በአፈር ውስጥ የሚኖር ተሕዋስ ርጥብ ቅርፊት ይወዳል፤ እኔ ስድስት ዓመት ሙሉ ግንዱን በየቀኑ አርሼ አበላሁት።

ጠቅላላው 1250 ዛፍ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማጠጣት በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ይጠይቃል፤ ፓምፔ የሚሰጠው 15 ነው። ስለዚህ ማሳው በከፍታ ልክ በሦስት ብሎክ ተከፈለ፤ ላይ፣ መካከል፣ ታች። እያንዳንዱ በሰዓት 13.3 ሜትር ኩብ ይወስዳል፣ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ያህል ይሠራል፣ ሦስቱም በተራ ሲያልቁ 8 ሰዓት ይሞላል። ጎማዎቹ ተዳፋቱን ይዘው ከመውረድ ይልቅ ከፍታውን ተከትለው አግድም ሄዱ። ይህን ነገር ከሻጭ አፍ ሰምቼው አላውቅም፤ ምንም ተጨማሪ ዕቃ የማይጠይቅ፣ ቀድሞ ማሰብን ብቻ የሚጠይቅ ነው።

አንድ ገጽ አለ በጣም የምወደው፤ የግፊቱ ሒሳብ ነው። ለኢሚተሩ 1 ባር፣ ለጎማው 0.2፣ ጎማዎቹን ለሚመግበው ቱቦ 0.2፣ ለዋናው መስመር 0.3፣ ለፊልተሩ 0.5፣ ለቫልቮቹ 0.2፣ ለከፍታው 0.8፤ ድምሩ 3.2 ባር። ዛሬ ፓምፑ ላይ ያለው መለኪያ ከዚህ ሲወጣ የት መፈለግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። ከፊልተሩ በፊትና በኋላ ያሉት ሁለት መለኪያዎች ልዩነት 0.5 ባር ሲደርስ ፊልተሩን በተቃራኒ ፍሰት አጥባለሁ። ድሮ ግን ውሃው ሲዳከም ፓምፑን እወቅሳለሁ፣ መካኒክ እጠራለሁ።

ስለ ፊልተሩ ተከራክረን ነበር። ውሃዬ ከጉድጓድ ወጥቶ ክፍት ኩሬ ውስጥ ስለሚያድር ወንፊት ፊልተር ይበቃል ብዬ ነበር፤ ንጹሕ ይመስላል። የኩሬውን ውሃ የቀዳችበትን ጠርሙስ ለሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ስትመልሰው ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ነበር። አልጌ ወንፊት ላይ ተጣብቆ እየተዘረጋ ያልፋል፤ እሱን የሚይዘው የአሸዋ ፊልተር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የአሸዋ ፊልተር፣ ከእሱ በኋላ 130 ማይክሮን የሆነ የዲስክ ፊልተር ተቀመጠ። ዲስኩ የሚያጣራው አሸዋው ራሱ አምልጦ ከመጣ ነው። 2 ሊትር የሚያወጣ ኢሚተር መንገዱ ጠባብ ነው፤ ትልልቅ ኢሚተር ከነበረኝ ጊዜ ይልቅ አሁን ፊልተሩ ላይ መቆጠብ አይቻልም። ውሃው ኖራ የበዛበት መሆኑም በምርመራ ታወቀ፤ ኖራው ኢሚተሮቹን እንዳይደፍን አልፎ አልፎ አሲድ ይገባል። አሲዱ ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃ ወደ አሲድ አይጨመርም፤ ከክሎሪንም ጋር በአንድ ጊዜ አይገባም፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። ይህን በቀይ ጽፈው ፓምፕ ቤቱ በር ላይ ለጥፈውልናል፤ ሠራተኞች ላሉት ሰው ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ። ንድፉ ላይ የላይኛው ብሎክ ከፍተኛ ቦታ ላይ የአየር ቫልቭ ተረስቶ ነበር። ተከላው ካለቀ በአራተኛው ወር የላይኛው ብሎክ ኢሚተሮች መደፈን ጀመሩ፤ የታችኞቹ ደህና ናቸው። ፊልተሩን ፈታን፣ ንጹሕ ነው። ጎማውን ቆርጠን ኢሚተሩን ስንሰነጥቀው ውስጡ ያገኘነው ደቃቅ የማሳው አፈር ነበር፤ ከኩሬው የመጣ አይደለም፣ ቀለሙ ራሱ የጎማው ሥር ያለው አፈር ነው። ፓምፑ ሲጠፋ ውሃው ወደ ታች ይወርዳል፣ ላይኛው ጫፍ ላይ ባዶ ቦታ ይፈጠራል፣ ባዶው ደግሞ በየኢሚተሩ አፍ ጭቃ ይስባል። አየር የሚያስገባ ቫልቭ ቢኖር ይህ ባልሆነ። ደወልኩ፤ በሦስተኛው ቀን መጥታ አየች፣ ስህተቱ የእነሱ መሆኑን አልሸሸገችም፣ ቫልቩን በራሳቸው ወጪ አስገቡ፣ 14 ጎማም ተቀየረ። የጎማው ወጪ ላይ ግማሹን እኔ እንድሸፍን ጠይቀውኝ ነበር፤ አልተስማማሁም፣ በመጨረሻ ተቀበሉ። ይህ ጭቅጭቅ ባይኖር ኖሮ በሙሉ ልብ ሙሉ ነጥብ እሰጣቸው ነበር።

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለ ተተኪ ችግኞች ነው። በሙጫው የሞቱትን ዛፎች ነቅዬ አዲስ ተክያለሁ። መስመሩ ከግንዱ 80 ሳንቲ ሜትር ይርቃል፤ የአንድ ዓመት ችግኝ ስሩ እዚያ አይደርስም። ንድፉ ማሳውን ሁሉ እንደ አንድ ዕድሜ ነው ያየው፤ ክፍተቶቹን ግን የመጀመሪያው ቀን አብረን ቆጥረናቸው ነበር። ሁለት ችግኝ ከደረቀብኝ በኋላ በቀጭን ቱቦ ከጎማው እየወሰድኩ ለእያንዳንዱ ችግኝ አንድ ተጨማሪ ኢሚተር ከስሩ አጠገብ አደረግሁ፤ ዛፉ ሲያድግ ይነሳል። ይህን ራሴ ከማግኘቴ በፊት እነሱ ሊነግሩኝ ይገባ ነበር። አሁን ለሌላ ደንበኛ ንድፉ ላይ እንደሚያስገቡት ነግራኛለች።

የመስኖ ፕሮግራሙ ደግሞ በየወሩ የሚለዋወጥ ሠንጠረዥ ነው፤ ለከፍተኛው ሙቀት የተሰላውን 2 ሰዓት ከ40 ዓመቱን ሙሉ አያስኬዱም። ከሁሉ የጠቀመኝ ስለ ጨው የጻፉት ክፍል ነው። ብርቱካን ጨው አይችልም፤ የአፈሩ ጨዋማነት 1.7 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ ነው) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል። ውሃዬ 0.9 ነው፤ ጨው ከስር አካባቢ ታጥቦ እንዲወርድ ከሚያስፈልገው ውሃ 12 በመቶ ያህል ለማጠቢያ መመደብ እንዳለበት አሰሉ። ጠብታ መስኖ ጨውን ወደ ርጥበቱ ጠርዝ ይገፋዋል፤ በደረቁ ወቅት ጭረቶቹ ዳር ነጭ ሽፋን ታያላችሁ። የመጀመሪያው ቀላል ዝናብ ሲመጣ ያንን ጨው መልሶ ወደ ስሩ ይወስደዋል። ስለዚህ ዝናብ ጣለ ብሎ መስኖውን ወዲያው ማጥፋት አይደለም፤ ጥሩ ዝናብ እስኪወርድ ድረስ ማስኬድ ነው። ሠራተኞቼ በመጀመሪያው ዓመት ዝናብ ውስጥ ፓምፕ ሲያስነሱ ግር ብሏቸው ነበር፤ ምክንያቱን ጭረቱ ዳር ወስጄ ካሳየኋቸው በኋላ ራሳቸው ያስታውሱኛል።

ተከላው እንዳለቀ የተደረገው የጣሳ ልኬት 93 በመቶ ሰጠ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ የአየር ቫልቩ ችግር ከተስተካከለ ወዲህ ማለት ነው፣ 91 ነበር። የታችኛው ብሎክ ዛፎች ሙጫቸው ደርቋል፤ ክፉኛ የተጎዱት አልዳኑም፣ የቀሩት ግን አዲስ ቅርፊት እየሸፈናቸው ነው። የላይኛው ብሎክ ባለፈው የአበባ ወቅት ፍሬውን ይዞ ቆየ። አተር ያህል ሲሆን የሚረግፍ ፍሬ ሁልጊዜም አለ፣ ዛፉ ራሱ የሚቀንሰው ነው፤ ግን እንደ በፊቱ መሬቱ አረንጓዴ አልለበሰም።

አገልግሎቱ ለማን ይሆናል ብትሉኝ፣ ተዳፋት ላለው፣ አፈሩ ከቦታ ቦታ ለሚለያይ፣ ወይም ውሃው ከኩሬ ለሚመጣ ሰው ያለ ማመንታት እመክራለሁ። ማሳው ትንሽና ሜዳ ከሆነ የጣሳውን ልኬትና ጉድጓዱን ራሳችሁ አድርጉና ውጤቱን ይዛችሁ ምክር ብቻ ጠይቁ፤ ሙሉ ንድፉ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ስትነጋገሩ ግን የአየር ቫልቮቹ የት የት እንደሆኑ ንድፉ ላይ በጣት እንዲያሳዩአችሁ አድርጉ፤ በየጎማው ጫፍ የማጠቢያ መክፈቻ መኖሩን እዩ፤ ችግኝ ካላችሁ ለብቻው ይታሰብ በሉ። ከአምስት ነጥብ አራት ተኩል ሰጥቻቸዋለሁ።

የሁለተኛው ዓመት ልኬት በሚቀጥለው ሳምንት ነው። 32ቱን ጣሳዎች አጥቤ ፓምፕ ቤት ውስጥ ደርድሬያቸዋለሁ፤ በዚህኛው ዙር ከችግኞቹ ሥርም ስድስት ጣሳ እንጨምራለን።